ሞተሩ የወረደበት ሳምንት

መኪናዋ ስትነሳ ሰፈሩም አብሯት ይነሳል። ወፍ ገና ሲንጫጫ ባለቤቷ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቷን ይለካል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ከዚያ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ ይስላል። ጉሮሮውን ጠርጎ ሲነሳ ደግሞ ከኋላዋ የሚግተለተለው ሰማያዊ ጭስ አጥር ዘሎ ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ውስጥ ይገባል።

«አንተ ሰውዬ! ያጠብኩትን ልታጨስልኝ ነው?» ትላለች ጎረቤቲቱ በመስኮት ብቅ ብላ።

«ሽቶ ነው እንጂ ምን ጭስ አለው! ሌላው በገንዘቡ የሚገዛውን ለአንቺ በነፃ» ይላታል።

መኪናዋን «ደመና» ያሏት ለዚህ ነው። እሱንም ባለደመናው አሉት፣ የእናት የአባቱ ስም ተረሳ፣ እሱም አልከፋውም። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል። ያኔ ስትገዛ ነጭ ነበረች፤ አሁን ቀለሟ እዚህ የተላጠ ድንች፣ እዚያ የዛገ ምጣድ ይመስላል። አሥራ ሁለት ሰው ትጭን የነበረች ሚኒባስ ዛሬ የምትጭነው ዘጠኝ ነው፤ ምክንያቱም መሃል ያለውን ወንበር ነቅሎ ፍራሽ አንጥፎበታል። ፍራሹ የሚስቱ ነው።

የሚስቱ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ የሰዓት ተኩል መንገድ ተጉዛ ከተማው ሆስፒታል ትገባለች፤ አራት ሰዓት ሙሉ ማሽን ደሟን እያወጣ ያጥብላታል። ስትሄድ ቁጭ ብላ፣ ደህና ከሆነችም እያወራች ነው። ስትመለስ ግን እንደ ተጨመቀ ልብስ ትጠቀለላለች። አውቶቡስ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። ሁለቱንም ጊዜ በሰው መሃል ወድቃለች። ከዚያ ወዲያ የአውቶቡስ ነገር በዚያ ቤት አልተነሳም። ደመና ናት የምታደርሳት፤ በቀሩት ቀናት መንገደኛ ጭና ቤቱን የምታኖረውም እሷው ናት።

ቅዳሜ ከሆስፒታል ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ኳኳታው ጀመረ።

ቀድሞም ነበረ፣ ባለደመናው ግን የላላ ብሎን ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ቆይቷል። ያን ቀን ግን አልተቻለም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንድ ሰው ሞተሩ ውስጥ ተቆልፎበት በሩን የሚደበድብ ይመስላል።

«ሰው ያንኳኳል፣ ክፈትለት እንጂ» አሉ መምህሩ ከፊት ወንበር።

መምህሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። እሳቸውም ኩላሊት ታማሚ ናቸው፣ ከሚስቱ አልጋ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ በዚያው ሰዓት ይታጠባሉ፣ መገንጠያው ላይ እየተሳፈሩ አብረዋቸው ይመላለሳሉ።

«ብሎን ነው መምህር።»

«ብሎን እንኳ አይደለም። ልጄ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ፤ ከሆስፒታሉ ጀርባ ክፍል ያከራያሉ። የኛ ቢጤ በሽተኞች ብዙ አሉ እዚያ። አንዱን እናንተ፣ አንዱን እኔ እንያዝና ይሄን መንገድ እንገላገለው። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«መኪና ያለው ሰው ለምን ቤት ይከራያል?» አለ ባለደመናው። ሁልጊዜ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፣ ሲመልስም መሪውን መታ መታ ያደርጋል፤ እንደ ፈረስ አንገት።

ሚስቱ ከፍራሹ ላይ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ተዉት መምህር፤ ከሷ ጋር ነው የተጋባው። እኔ ደባል ነኝ» አለች። ሳቁ። መምህሩን መገንጠያው ላይ አውርደው ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ኳኳታው ጨመረ፤ እሱም ወደ ቤት ማዞሩን ትቶ ቀጥታ ጋራዡ በር ላይ አቆመ።

ጋራዡ የአሥራ ሦስት ነው። አሥራ ሦስት ሜካኒክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፌን ያየ!» እያለ ሲጮህ ስለኖረ ቁልፉ ስሙ ሆኖ ቀረ። ረጅም መፍቻ አመጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ብዙ አላዳመጠም። መፍቻውን ለባለደመናው አቀበለው።

«ስማው። እኔ ከምነግርህ እሱ ይንገርህ።»

ባለደመናው ሰማ። የተቆለፈበት ሰው አሁን በቡጢ ሳይሆን በጭንቅላቱ ነበር በሩን የሚመታው።

«ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብሮንዚን ተበልቷል፤ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። የፒስተኑ ፋሻም አልቋል፤ ዘይት የምትጠጣው ለዚያ ነው። ያላለቀው ያንተ ትዕግስት ብቻ ነው» አለ አሥራ ሦስት።

«ባይወርድስ?»

«ባይወርድ አንድ ወር ሊሄድልህ ይችላል። እዚያ ኩርባ ላይም ሊቆም ይችላል። ሲቆም ግን ጨዋ ሆኖ ጥግ ይዞ አይደለም፤ የፒስተኑ ክንድ የሞተሩን ሆድ በስቶ ነው የሚወጣው። ያኔ ሞተር ሳይሆን በሚዛን የሚሸጥ ውዳቂ ብረት ነው ያለህ።»

«ወፍራም ዘይት ብንጨምርበትስ?»

አሥራ ሦስት እንደ መሳቅ አለ። «ድምፁን ይቀብርልሃል፤ በሽታውን አይቀብረውም። እሱ ለሚሸጥ ሰው ነው፤ ገዢው መንደሩ እስኪደርስ ዝም እንድትልለት።»

«ቢወርድስ?»

«አምስት ቀን ስጠኝ። ዛሬ አወርደዋለሁ። ነገ በትኜ አጥበዋለሁ። ሰኞ ዘንጉ ቶርኖ ቤት ይገባል፤ ማክሰኞ ቢወጣ፣ ረቡዕ እገጥመዋለሁ።»

«ማክሰኞማ የሷ ቀን ነው።»

ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነው። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ የሳምንቱ ረጅሙ ክፍተት ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ። በዚያ ክፍተት ውስጥ የሚስቱ ፊት ማበጥ ይጀምራል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ማክሰኞ ጠዋት ማሽኑ ላይ ስትወጣ ሁልጊዜ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ያህል ነው። ለአንድ ቀን የሰው መኪና ቢፈለግስ? ፒካፕ ያለው ባለሱቅ ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃ ሊያመጣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ኮንትራት መኪና ከከተማ ይጥራ እንዳይባል፣ ያለችው ጥሪት ለመለዋወጫው እንኳ በጭንቅ ነው የምትበቃው። ሞተሩ ቢወርድ ማክሰኞ ደመና የለችም። ባይወርድ ደግሞ ማክሰኞ መንገድ ላይ ይቆም ይሆናል፤ ያ ቢያልፍ ሐሙስ፤ ሐሙስም ቢያልፍ ቅዳሜ። ባለደመናው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ወዲያ ቢሉት ገደል፣ ወዲህ ቢሉት ገደል።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ» አለ አሥራ ሦስት፣ ሊያጽናናው ፈልጎ።

«አንተ ሰውዬ!» አለች ሚስቱ ከመኪናው ውስጥ። ተንሸራታቹ በር ክፍት ነበርና ሁሉንም ሰምታለች። «ይሄ ድካም ምኑን ያስረሳኛል! ነርሷ የነገረችኝን እኮ ሳልነግርህ። የማክሰኞው ቀርቷል። የኔ ማሽን ተበላሽቷል፤ ሐሙስ ነይ ብላኛለች።»

ባለደመናው ተነሳ። «ተበላሽቷል? ምኑ?»

«እኔ ምን አውቄ። ውሃ ያፈሳል። ጓርኒሲዮኑ ነው መሰለኝ ያሉት።»

«ውሃ ካፈሰሰማ ማሸጊያው፣ ጓርኒሲዮኑ ነው!» አለ ባለደመናው።

«ጓርኒሲዮን ከሆነ ሐሙስ ድረስ ምን ያደርጋል? የግማሽ ቀን ሥራ እኮ ነው» አለ አሥራ ሦስትም፣ የባለሙያ ኩራት ፊቱ ላይ ወጥቶ። «እኔን ቢጠሩኝ እሄድ ነበር።»

«መምህሩስ ታዲያ ምን ሊሆኑ ነው?» አለ ባለደመናው።

«የሳቸው ማሽን ደህና ነው። የወንድማቸው ልጅ ያድርሳቸው፤ እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ዕድሜያቸውን በማሽን የጨረሱ፣ ማሽን ይበላሻል የሚለውን ነገር እንዴት ይጠርጥሩ? ማሽን ሲበላሽ ነው ያወቁት፤ ሲበላሽ ነው እንጀራ የበሉበት። ጤነኛ ማሽን አለ ብትላቸው ነበር የሚጠረጥሩት። ባለደመናው ትከሻው ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ሲወርድ ተሰማው፤ አሥራ ሦስት ኮፈኑን ከፍቶ ብሎን ማላላት ሲጀምር እሱ ሚስቱን ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳት። ቤቱ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም፤ ሦስት ጊዜ አረፉ።

እሁድ ደስ የሚል ቀን ነበር፤ ባለደመናው በኋላ ያንን ቀን ሲያስበው ያፍራል። ሞተሩ ሸራ ላይ ተበትኖ ፀሐይ ይሞቃል። እያንዳንዱን ብረት በናፍጣ ያጥባል፤ ያጠበውን በጨርቅ ጠርጎ በተራ ይደረድራል፣ ልጃቸው ከማግባቷ በፊት ልብሷን ታጥፍ እንደነበረው። የሃያ ሁለት ዓመት ጥላሸት ከእጁ ሥር ሲወርድና ብረቱ ሲያበራ አንድ ነገር ከራሱም ላይ የሚወርድ ይመስለው ነበር።

ቤት ሲገባ ሚስቱን፣ «ውስጧ ገና ወጣት ናት እኮ!» አላት።

«አይ ያንተ ነገር! የኔንስ ውስጥ ባየኸው» አለች።

ሐኪም የፈቀደላት በቀን ሁለት ሲኒ የማትሞላ ውሃ ናት። እሁድ ዕለት እሷንም አልጠጣችም። ጨርቅ አርጥባ ከንፈሯን ስታብስ ብቻ አያት። ጎበዝ፣ አለ በልቡ፣ እንዴት ያለች ጠንቃቃ ሆናለች።

ሰኞ ወደ ማታ ጣቷ ላይ ያለችው ቀለበት ሥጋ ውስጥ ተቀብራ ነበር። ነጠላ ጫማዋ እግሯን አልገባ አለ። ሦስት ትራስ ከኋላዋ ደርድራ ቁጭ እንዳለች ልትተኛ ስትዘጋጅ አገኛት።

«ምነው ጋደም አትይም?»

«ጀርባዬን ነው። ቁጭ ስል ይሻለኛል።»

«ሐሙስ ድረስ ትችያለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሐሙስ ምን አላት? ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ናት። ይልቅ ያ ዘንግ ቶርኖ ቤት ገባ?»

«ገባ።»

«ተሰንጥቋል አሉ?»

«ነገ ነው የሚታወቀው።»

«አይሰነጠቅም» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና። «እሱ አይሰነጠቅም።»

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ባለደመናው ጋራዡ ደጃፍ ቁጢጥ ብሎ አራተኛውን ፒስተን ዳግመኛ እያጠበ ነበር። ስልኩ ጮኸ። እጁ በናፍጣ ስለራሰ ፒስተኑን ሥራ ልብሱ ኪስ ውስጥ ወሸቀና በሁለት ጣቱ ስልኩን አነሳ። መምህሩ ናቸው።

«ልጄ፣ እንደምን አደርክ? ምነው ዘገያችሁ? መንገድ ላይ ቀራችሁ እንዴ?»

«እኛማ ሐሙስ ነን መምህር። አልደወለችልዎትም?»

«ደውላለች፤ መኪናው ሊሠራ ነው፣ እኛ በሰው መኪና እንመጣለን ነው ያለችኝ። እኔማ ከወንድሜ ልጅ ጋር መጥቼ ይኸው ማሽኑ ላይ ነኝ። የሷ አልጋ ባዶ ነው።»

«የሷ ማሽን ተበላሽቶ የለ እንዴ?»

«የቱ ማሽን? አጠገቤ ነው እኮ ያለው። ነርሷ አብርታው እየጠበቀች ነው። እስከ አራት ሰዓት ካልመጣች ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ እያለች ነው።»

«ጓርኒሲዮኑስ?» አለ ባለደመናው።

«ምኑ?»

ያን ጊዜ ገባው። ጓርኒሲዮን ነርስ የምትለው ቃል አይደለም። እሱ ነው በዚያ ቤት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እራት ላይ ጓርኒሲዮን፣ አልጋ ላይ ጓርኒሲዮን ሲል የኖረው። ከሱ ሌላ ማን ያስተምራታል?

«አሥራ ሦስት! መኪና!» ብሎ ጮኸ። «የማንንም ይሁን፣ መኪና ፈልግልኝ!» አሥራ ሦስት ምንም ሳይጠይቅ ወደ ገበያው ሮጠ። እሱ ወደ ቤቱ ሮጠ።

ትራሶቹ ላይ እንደተደገፈች ነበረች። ፊቷ ፊቷን አይመስልም፤ ዓይኗ ከእብጠቱ ውስጥ በቀጭኑ ነው የሚያየው። ትንፋሿ ውሃ ውስጥ በሸምበቆ እንደሚነፋ ሰው ይንቦጫቦጫል። ልትቆጣው ሞከረች። «ምን... ሥራህን... ትተህ...» አለች። አዘላት። አብጣም ቀላል ነበረች፤ አንጀቱን የበላው ይሄ ነው።

አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጧት መሃል መንገድ ገባ። አንድ የቤት መኪና ጥሩንባ እየነፋ ሸሸው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው፣ «ሰካራም! በጠዋቱ!» ብሎት አለፈ። ፊቱ ጥላሸት፣ ልብሱ ናፍጣ፣ እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ማን ይጭናል? መሀረቡን ላውለብልብ ብሎ እጁን ኪሱ ቢከት የወጣለት ፒስተኑ ነው። ልብም አላለው፤ እሱኑ ከፍ አድርጎ ያወዛውዝ ጀመር።

ጡብ የጫነ መኪና እያዘገመ መጣ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ዘፈኑን እስከ ጥግ ከፍቷል። ሊያልፍ ሲል እዚያ የሚወዛወዘውን ነገር አየ። ሌላው ሰው ብረት ነው የሚያየው፤ ሹፌር ግን ፒስተን ይዞ መንገድ መሃል የሚጮህ ሰው ሲያይ ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ የራሱን ልብ በእጁ ይዞ የቆመ ሰው ያየ ያህል ነው። ፍሬኑ አቧራውን እያስነሳ ቆመ። ዘፈኑ ተዘጋ።

«ፋዘር፣ ሞተሩ በተነ?»

«ሞተሩስ ይበተን። ሚስቴ ናት። ሆስፒታል።»

ወጣቱ ዘሎ ወረደ። በሁለቱ መሃል አድርገው ጋቢና አወጧት።

መኪናው ተነሳ። ጭንቅላቷ ባለደመናው ትከሻ ላይ ነው፤ ትንፋሿን እየቆጠረ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ሦስት። በዚያ ዝምታ መሃል ጆሮው ወዴት እንደሄደ ሲያውቅ በራሱ ደነገጠ። የጡብ መኪናውን ሞተር ነበር የሚያዳምጠው። እንዴት ጥሩ ነው ድምፁ፣ ሲል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ትከሻው ላይ እየሞተች፣ ጆሮው የሰው ሞተር ያደንቃል።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አላት።

«አንድ ቀን... እችላለሁ ብዬ ነው።»

«ለመኪና ብለሽ? ለቆርቆሮ?»

«እሷ ከቆመች... አንተ ትቆማለህ። አንተ ከቆምክ...» ትንፋሿ አልበቃ አላት። የቀረውን ትታ ሌላ ነገር ተናገረች። «ሜካኒኩ... አምስት ቀን አለ። እስከ ማክሰኞ... ሦስት ነበረን። ሁለቷን... እኔ ጨመርኩ።»

ወጣቱ ሹፌር ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ማርሽ ቀነሰና ነዳጁን ረገጠ። ጡቦቹ ከኋላ ተንኳኩ።

«ይፍሰስ፣ ግድ የለም» አለ ለራሱ። «ጡብ ይተካል።»

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው የጡብ መኪና አይገባም ብሎ ክንዱን ዘረጋ፤ ጋቢናውን አየና ክንዱን አጠፈ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሁለት ነጭ ጋውን፣ የሚከፈትና የሚዘጋ በር። እሱን አንድ ሐኪም መተላለፊያው ላይ አቆመው።

«ውሃው ሳንባዋን ይዟል፤ ልቧንም አጨናንቆታል። ማሽኑ ላይ አውጥተናታል። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ምንም ማለት አልችልም። ምነው እስከዚህ ድረስ ጠበቃችሁ?»

ሞተር እያጠብኩ ነበር ይበለው?

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እጁ ጥቁር ነው፤ የነካው ሁሉ ይጠቁራል ብሎ ጭኑ ላይ አጣምሮ ያዘው። መምህሩ ተራቸውን ጨርሰው፣ ክንዳቸው በፕላስተር ተጠምጥሞ፣ ቀስ ብለው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ። ያቺን የክፍል ወሬ እንኳ አላነሷትም፤ ባያነሷትም ግን በሁለቱ መሃል እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጣ ነበር።

ቀትር አልፎ ስልኩ ጮኸ። አሥራ ሦስት ነው።

«እትዬ እንዴት ናት?»

«ማሽን ላይ ናት። አይታወቅም።»

«እግዜር ይማራት። ያኔ መኪና ፈልጌ ስመለስ የላችሁም። ደንግጬ...» ብሎ ተወው። «በዚህ ሰዓት መናገሩ ባይገባም፣ ዘንጉ ወጥቷል። አልተሰነጠቀም! ተላጭቶ መስታወት መስሎልሃል። ነገ ማታ ተነስታ ሐሙስ ጠዋት እንደ ሙሽራ ነው የምትወስዳት። ግን አራተኛውን ፒስተን አጣሁት። ጋራዡን ገለበጥኩት እኮ! ስፈልግ አሥራ ሦስት ቁልፌን አገኘሁ፤ ፒስተኑ ግን የለም።»

ባለደመናው እጁን ኪሱ ከተተ። እዚያው ነው።

«እኔ ጋ ነው» አለ።

«ተመስገን! በል ላክልኝ፤ እሱ ከመጣ ነገ እዘጋዋለሁ።»

ባለደመናው የተዘጋውን በር አየ። ሐሙስ ጠዋት። እንደ ሙሽራ። ከዚያ ቅዳሜ፣ ከዚያ ደግሞ ማክሰኞ፤ ከዚያ ብሮንዚኑ ደህና ቢሆን ራዲያተሩ፣ ራዲያተሩ ደህና ቢሆን ካምቢዮው። በእያንዳንዱ ጊዜ ደግሞ እሷ ከፍራሹ ላይ ሆና ሰምታ፣ ከራሷ ቀን ቆርሳ ለመኪናዋ ስትጨምርላት ታየው። እስከ ዛሬ ደመና ሚስቱን የምታኖራት ይመስለው ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ኖሯል።

«እልክልሃለሁ» አለ። «ግጠማትና ሽጣት።»

«ምን አልከኝ?»

«ሽጣት። እኔ አልመጣም።»

«አብደሃል? ሊያልቅ እኮ ነው! ደመናን? አንተ?»

«ወፍራም ዘይት እንዳትጨምርባት። ለሚገዛው ሰው የሆነችውን ሁሉ ንገረው። ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወደው፤ እሱንም ንገረው።»

አሥራ ሦስት፣ «እሺ ወንድሜ» ብሎ ዘጋው።

ባለደመናው ወደ መምህሩ ዞረ። ፒስተኑን በመሀረቡ ጠቅልሎ መዳፋቸው ላይ አኖረው።

«ሲመለሱ ጋራዥ ጎራ ብለው ይሰጡልኛል?»

«ይሄን ያህል ይከብዳል?» አሉ መምህሩ በእጃቸው እየመዘኑ።

«ሞቆ ሲሠራ አይታወቅም።» ቀጥሎም፣ «መምህር፣ ያ ክፍል አሁንም አለ?» አላቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «አለ። ግን ጠባብ ነው። መስኮቱም የሚያየው ግድግዳ ነው። ለመኪና ማቆሚያ የለውም» አሉ፤ የመጨረሻዋን ሲሏት ለራሳቸውም አፈሩ።

«ግድ የለም።»

ማምሻውን የማታ ተረኛዋ ነርስ በሩን ገርበብ አድርጋ ጠራችው። «አምስት ደቂቃ ብቻ። እንዳታስወራት» አለችው።

ሚስቱ ትንሽ ትመስላለች፤ ውሃው ስለበዛ ማሽኑ ገና አልተነቀለላትም፤ ሁለት ቀጭን ቱቦዎች ደሟን ወደ ማሽኑ ይዘው ይሄዳሉ፣ ይዘው ይመለሳሉ። ባለደመናው ቆሞ አዳመጠ፤ ጆሮው ሌላ ሥራ አያውቅማ። ማሽኑ በዝግታ፣ በእኩል ይዞራል። የሚንኳኳ ነገር የለበትም። የሚንኳኳው የሚስቱ ትንፋሽ ነው፤ ገና ይንኳኳል፤ እዚያ ውስጥ የተቆለፈው ማን እንደሆነ አሁን ያውቃል።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አለ።

«ጓርኒሲዮኑ... ተሠራ?»

«ተሠራ» አላት። «ክፍል ልንከራይ ነው። እዚሁ፣ ከጀርባ።»

ዓይኗን ለመግለጥ ሞከረች። የሰማችው አይመስልም፤ ወይም ሰምታ አላመነችም። እንደገና ሊነግራት ሲል ዓይኗ ተመልሶ ተከደነ፤ እሺ ትበል እንቢ ሳይታወቅ።

ነርሷ መዝገቧን ይዛ መጣች። ፊቷ የደከመ ነው፤ ድምፅዋ ግን ቁጡ አይደለም።

«እግዜር ብሎ ካለፈላት የሐሙሱን ተራዋን እንዳታሳልፉባት። ከዚያ ሁሉ መንገድ ነው አሉ የምትመጡት፤ መኪና አላችሁ?»

«የለንም ሲስተር» አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ከአፉ ያልወጣ ቃል ነውና ምላሱ ላይ ከበደው። የማሽኑን ድምፅ አንድ ዙር ጠበቀና ጨመረበት።

«ቅርብ ነን።»